የአያሌው ተራ

ከጉና ሥር ስመለስ ጅማ ያሉ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን በላህ?» ብለው ነው። የጅማ ሰዎች ነንና አልፈርድባቸውም። ድንችና የገብስ እንጀራ በላሁ፣ ጠላ ጠጣሁ፣ በብርድ ተንቀጠቀጥኩ፣ ከበቅሎ ወደቅሁ አልኳቸው። ሳቁና ወደየጉዳያቸው ሄዱ። ዋናው ነገር ግን በር ላይ ቆመው የሚያወሩት አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። እዚያ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። እኔም ዳግመኛ ያንን ብርድ የምችለው አይመስለኝም።

የጉዞው ጠንሳሽ ኮነር ነው። ኮነር የአየርላንድ ሰው ነው፤ እኔ ታሪክ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ቁመተ ረጅም፣ ጢመ ቀይ፣ ጆሮው ወደ ውጭ የወጣ ሰው ነው። ከክፍል ከወጣ በኋላ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አገራቸውን ትተው በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በኦስትሪያና በሩሲያ ነገሥታት ጦር ውስጥ ስላገለገሉ የአየርላንድ ወታደሮች። መጽሐፍ እጽፋለሁ ይላል። እሱ ወሬውን ሲጀምር ሻዩን ይዞ ከመምህራን ክፍል የማይወጣ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ቀን በአጸፋው ስለ ጋፋት ነገርኩት፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ለንጉሣችን መድፍ ስላቀለጡት የውጭ አገር ሰዎች። በማግስቱ «መቼ እንሄዳለን?» አለኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ተነሣን። የይለፍ ወረቀቱን ለማግኘት የደከምነው ከመንገዱ ይበልጣል፤ በደርግ ጊዜ ፈረንጅ ይዞ ክፍለ ሀገር መሻገር ቀላል አልነበረም። የደብረ ታቦር ተወላጅ የሆነ ባልደረባችን «አጎቴ ቄስ አዱኛ ዘንድ እረፉ» ብሎ መልእክት ላከልን።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ኮነርን አይተው አዘኑለት መሰለኝ ቆሎ ዘገኑለት። እንዴት እንደሚበላ ስላላወቀ አንድ በአንድ እያነሣ ሲበላ «ቅቅቅ! ዶሮ ነው እንዴ?» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጎማ ፈነዳ። እኔ በሙቀቱ ሳማርር ኮነር ሾፌሩን ሊረዳ ሄዶ አፍንጫውን ፀሐይ ላጠው።

ኬላው ላይ አንድ ሚሊሺያ የኮነርን ወረቀት ገልብጦ አይቶ «አየርላንድ ሶሻሊስት አገር ናት?» አለኝ። «ገበሬ የበዛባት፣ ለብዙ ዘመን በእንግሊዝ ስትበዘበዝ የኖረች አገር ናት» አልኩት። ትንሽ አሰበና «በል ይለፍ፣ የኛው ወገን ነው» አለ። ኮነር ምን እንደተባለ ስነግረው ደስታውን አልቻለውም። አገሩን በዚህ ፍጥነት የተረዳለት ሰው የለም አለ።

ደብረ ማርቆስ ለእራት ተቀምጠን ሳለ ከራሱ ቤተሰብም አንድ ሰው ለኦስትሪያ ንግሥት ወታደር ሆኖ ሄዶ እንደቀረ ነገረኝ። ዴኒስ ይባላል። «ኦስትሪያ ድረስ ሄጄ ፈልጌዋለሁ» አለ። «አገኘኸው?» ስለው ጥብሱ መጣ። ኮነር ጥብስ ሲመጣ ወሬ የሚቀጥል ሰው አይደለም። የአልጋው ቁንጫ ደግሞ እኔን ብቻ መርጦ በላኝ።

ሁለተኛው ቀን

ስለ ባሕር ዳር ብዙ አልጽፍም፤ ደስ ስላለችኝ ነው። አረንጓዴ ናት፣ ትሞቃለች፣ ዓሣዋ ይጥማል። ጅማ ላይ አንድ ሐይቅ ቢጨመርላት ይህችን ትሆናለች። የሆቴሉ ባለቤት የኮነርን የተላጠ አፍንጫ አይታ ራሷ ቅባት አመጣችለት።

ሦስተኛው ቀን

ከወረታ ወደ ላይ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወጣን። መንገዱ በጠመዘዘ ቁጥር አንድ ልብስ መደረብ ነው። ደብረ ታቦር ስንደርስ ያለኝን ሁሉ ለብሼ አልቄ ነበር። እኛ አገር ብርድ ማለት ዝናብ ሲመታን ነው። እዚህ ፀሐይ ቦግ ብላ እያየችህ ይበርድሃል።

ቄስ አዱኛ በራፋቸው ላይ ሻሻቸውን ጠምጥመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያቸው አዛውንት ናቸው። ገና ከመቀመጣችን ሙቅ ውኃ በገበታ ቀረበና ጎንበስ ብለው የኮነርን እግር ሊያጥቡ ያዙት። ኮነር ደነገጠ። እግሩን ሰብስቦ «ተዉ በላቸው፣ ሽማግሌ ናቸው» አለኝ። ቄሱ እግሩን ሳይለቁ «እንግዳ አይደለም እንዴ? ምን ሆነ?» አሉ። ታጠበ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ታጠበ።

ምሳው ድንች ነበር፤ ድንች በአዋዜ፣ ድንች ወጥ፣ የተቀቀለ ድንች። ጅማ ውስጥ ድንች የወጥ ማሟያ ነው፤ እኔ በሆዴ ሥጋው የት አለ እያልኩ ነበር። ኮነር ግን አገሩ የገባ መሰለው። ሲበላ አይተው ቄስ አዱኛ እጅግ ደስ አላቸው። «ከነገ ወዲያ ለአቦ ማኅበር ወደ ጉና ሥር እወጣለሁ። አብራችሁኝ ውጡ፤ እዚያ ያለው ድንች ከዚህም ይበልጣል» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ለነገሩ የዘንድሮው ማኅበር የሚከብድ ነው» አሉና ጉዳዩን አጫወቱን።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ በየወሩ አንዱ ጠምቆና ጋግሮ በቤቱ ይደግሳል። ጽዋውን በእጁ ተቀብሎ የገባ ሰው የሚወጣው ወይ ሲሞት፣ ወይም በራሱ አንደበት «በቃኝ» ሲል ነው። የየካቲቱ ባለ ተራ አያሌው የሚባል ሰው ነው። አያሌው ግን ከአርባ ዓመት ወዲህ አልታየም።

«አባቱ አርበኛ ነበሩ፤ ጉና ላይ ጣልያንን ተዋግተዋል። ልጁ ጣልያን ጦር ውስጥ ገባ» አሉ ቄስ አዱኛ። «ከአባቱ ተጣልቶ ነው የሚል አለ፣ ችግር ነው የሚል አለ። ጣልያን ሲሸነፍ ጠፋ። ሱዳን ገባም አሉ፣ ኬንያ በምርኮ ታየም አሉ። አባቱ 'ስሙ ቤቴ እንዳይጠራ' አሉ። ከማኅበሩ ግን ማን ያስወጣዋል? ሳይሄድ ጽዋውን በእጁ ተቀብሏል። እኅቱ እመት ብርቄ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበሩ። የካቲት ሲደርስ የወንድማቸውን ተራ ጠምቀው ደገሱ። ይኸው እስከ ዛሬ አላቋረጡም። ባል ካገቡም በኋላ፣ ባል ከሞተም በኋላ። የራሳቸው ተራ ነሐሴ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ይደግሳሉ።»

«ታዲያ ዘንድሮ ምን መጣ?» አልኩ።

«እርጅና መጣ። ደግሞ መኳንንት የሚባል ልጅ አለ፤ ምሥራቅ ጦር ግንባር ቆስሎ ሳለ 'በሕይወት ከገባሁ የአቦን ጽዋ እጠጣለሁ' ብሎ ተስሏል። ገባ። ስለቱን እንዳያደርስ ቦታ የለም። ሰዉ 'እመት፣ አያሌው ሞቷል ይበሉና ተዝካሩን ያውጡለት፣ ቦታው ለልጁ ይሁን' አላቸው። ነገሩ በዚህ ማኅበር ላይ ይቆረጣል።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«'ሬሳውን አሳዩኝ' አሉ።»

ይህን ሁሉ ለኮነር ስተረጉምለት ድንቹን መብላት አቆመ።

አራተኛው ቀን

ጋፋት ሄድን። ለዚህ ብለን ከጅማ የመጣንበት ቦታ ማሳ ነው። መድፍ የቀለጠበት ምድር ላይ ስንዴ ተወቅቶ ገለባው ተከምሯል። እኔ ቢያንስ አንድ ግድግዳ ጠብቄ ነበር፤ ተናደድኩ። አንድ ገበሬ ከመሬት ጥቁር የብረት ቅላጭ አንሥቶ ለኮነር ሰጠውና «መድፉን ፍለጋ ከሆነ የመጣኸው፣ ዘገየህ» አለው።

ኮነር ግን አልከፋውም። ገለባው ላይ ተቀምጦ ቅላጩን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። «እነዚያም በሰው አገር ሥራ የያዙ ሰዎች ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «ማታ ማታ ምን እንደሚያወሩ ማወቅ ነበር የምፈልገው።» ገበሬው እርጎ አመጣልንና ጠጥተን ተመለስን።

አምስተኛው ቀን

በጠዋት መኳንንት ራሱ ሁለት በቅሎ ይዞ ከጉና ሥር ወረደልን። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። የወታደር ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል። በቅሎዎቹ ለኔና ለኮነር ናቸው። እሱና ቄስ አዱኛ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። አንካሳና ሽማግሌ እየተራመዱ እኔ ጎረምሳው በቅሎ ላይ መቀመጤ ስላሳፈረኝ «አንተ ተቀመጥ» አልኩት። «መምህር፣ ይህን አቀበት በዚያ ጫማ አይወጡትም» አለኝ። የጅማን አስፋልት የለመደ ጫማዬን አየሁና ልጓሙን ያዝኩ።

በቅሎዋ ለአፍታ ታገሠችኝ። ወንዝ ስንሻገር ውኃ ልትጠጣ አንገቷን ስትደፋ እኔም አብሬያት ወደ ፊት ሄድኩ። ውኃው በረዶ ነው። መኳንንት ዘሎ ገብቶ አወጣኝ፤ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝና «ኦጋዴን ሳለሁ እንዲህ ያለ ውኃ በሕልሜ ነበር የማየው፤ እርስዎ በነጻ ገቡበት» አለ። ካፖርቱን እስከ ማግስቱ አልመለስኩለትም።

ከፍ ካልን በኋላ አንድ ረግረግ ዳር ግራጫ ዝይዎች አየን። ኮነር በቅሎውን አቁሞ ወረደ። ያን ጊዜ በመርከብ ተደብቀው ለውትድርና ይወጡ የነበሩትን ጎበዞች አገራቸው «የዱር ዝይዎች» ይላቸው ነበር አለ። መኳንንት ይህን ስተረጉምለት «ዝይስ ይመለሳል» አለ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ ሳልጠይቀው፣ «ስለቴን ባላደርስ አቦ ይፈርዱብኛል። እመት ብርቄን ማስለቀስ ግን ከቁስሌም ይብስብኛል» አለኝ።

እመት ብርቄ ቤት ደረስን። ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። እርጥብ ልብሴን አይተው ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ምድጃው ጎተቱኝ። መኳንንትንም «ና አንተ፣ እግርህን አሙቅ» አሉት። ቦታውን የሚፈልግባቸውን ሰው ማለት ነው።

ስድስተኛው ቀን

ረፋዱ ላይ አባላቱ ተሰበሰቡ። የማኅበሩን አለቃ እዚያ «ሙሴ» ይሉታል፤ የዚህኛው ሙሴ አያ ታከለ የሚባሉ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ናቸው። ቄስ አዱኛ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። እኔ ስለ ጠላ አስተያየት የመስጠት መብት የለኝም፤ በጠጅና በማር አገር ያደግሁ ነኝ። ይህኛውን ግን ደግሜ ጠጣሁ።

ኮነር ውጭ ቆይቶ ዘግየት ብሎ ገባ። ቤቱ ሞልቷል። መደቡ ላይ አጎዛ የተነጠፈበት አንድ ክፍት ቦታ አየና፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄዶ ተቀመጠበት። ቤቱ ጸጥ አለ። ለካ የአያሌው ቦታ ኖሯል። በየዓመቱ በዚህ ቀን እመት ብርቄ አጎዛውን ያነጥፋሉ፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ ፊቱ ዋንጫ ይቀዳል። አያ ታከለ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ኮነርን ላስነሣው ተነሣሁ።

እመት ብርቄ ግን «ተዉት» አሉ። «የሰው አገር ሰው ነው፣ አላወቀም። የኔውም ዛሬ የሰው ቦታ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።»

ዋንጫውን አንሥተው ለኮነር በእጁ ሰጡት። ጠጣ። አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለመሆኑ ይህ ፈረንጅ ምን ፍለጋ ነው እዚህ ድረስ የመጣ?» አሉኝ።

ኮነር መናገር ጀመረ፣ እኔም መተርጎም። አባቶቹ በጦርነት ተሸንፈው አገራቸው በእንግሊዝ እጅ እንደወደቀች፤ መሬት መግዛት፣ ጠመንጃ መያዝ፣ በሃይማኖታቸው ትምህርት ቤት መክፈት እንደተከለከሉ፤ ጎበዛዝቱም በመርከብ እየተደበቁ ወጥተው ለሰው ንጉሥ እንደዘመቱ ተናገረ። «በሃይማኖታቸው?» አሉ ቄስ አዱኛ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብለው። ከዚያ ኮነር በአንድ ጦር ሜዳ ላይ የአየርላንድ ልጆች በፈረንሳይም በእንግሊዝም ወገን ቆመው እንደተታኮሱ ተናገረ።

«ወንድም ከወንድም?» አሉ አያ ታከለ።

«አዎ።»

አያ ታከለ መሬት መሬት አዩ። በኋላ እንደሰማሁት አባታቸው ከአያሌው አባት ጋር ጉና ላይ የዘመቱ ናቸው። የአያሌው ነገር እሳቸውንም ያማቸዋል።

እመት ብርቄ እስከዚያ ቆመው ነበር። ማድጋቸውን አስቀምጠው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። «መምህር፣ እስቲ ጠይቅልኝ» አሉ። «ከነዚያ ከሄዱት ውስጥ አገሩ የገባ አለ?»

ተረጎምኩለት። ኮነር አየኝና በእንግሊዝኛ «ምን ብላቸው ነው ደስ የሚላቸው?» አለ። «አለ ብትላቸው» አልኩት። እንዲዋሽላቸው በጣም ፈልጌ ነበር። ኮነር ጢሙን እያሻሸ ቆየ።

«ከኛ ቤት የሄደው አልገባም» አለ። «ዴኒስ ይባላል። እናቱ እስክትሞት በሯን ሳትቀረቅር ነበር የምታድረው ይባላል። እኔ የዘመተበት አገር ድረስ ሄጄ ፈለግሁት። መቃብሩን አጣሁት። ግን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በሩ ላይ የኛ ቤት ስም የተጻፈበት ዳቦ ቤት አገኘሁ። ገባሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ ዞር ሲል የአባቴ ጆሮ!» ብሎ የራሱን ትልቅ ጆሮ ያዘና ጎተተው።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እመት ብርቄ አልሳቁም፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይጠብቃሉ።

«አየርላንድ የት እንዳለች እንኳን በደንብ አያውቅም። ግን አስቀምጦ አበላኝ። አራት ልጆች አሉት፤ ሁሉም ይህን ጆሮ ይዘውታል።»

«አዝነህ ተመለስክ?» አሉት እመት ብርቄ።

«አይ» አለ ኮነር። «ጠግቤ ተመለስኩ። የሞተ ሰው ልፈልግ ሄጄ ቤት የሠራ ሰው አገኘሁ።»

ይህንም ተረጎምኩ። እመት ብርቄ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ።

«አያ ታከለ፣ ደንቡ ምን ይላል?»

«ያውቁት የለም? የሚወጣው ወይ ሲሞት፣ ወይ በቃኝ ሲል ነው።»

«አያሌው ሞተ አልልም፤ አላየሁማ። በቃኝ ብሏል።»

አያ ታከለ ተቸገሩ። «እመት ብርቄ፣ በራሱ አንደበት ነው እንጂ ደንቡ...»

«ተራውን በማን እጅ ሲያወጣ ኖረ?» አሉ እመት ብርቄ። «ከልጃገረድነቴ ጀምሮ ስቀዳ 'ይህ የአያሌው እጅ አይደለም' ብሎ ዋንጫ የመለሰ አለ? እጄ እጁ ከሆነ አንደበቴም አንደበቱ ነው። በቃኝ ብሏል። ቤት ሠርቷል፤ ልጆች አሉት፤ ጠግቦ ነው የቀረው።»

አያ ታከለ ወደ ቄስ አዱኛ ዞሩ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ «ልክ ናቸው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መኳንንት በር አጠገብ ነበር። ሲጠሩት እግሩን እየጎተተ መጥቶ ተንበረከከ። ቄስ አዱኛ ጽዋውን አቀበሉት። መጀመሪያ እልል ያሉት እመት ብርቄ ናቸው፤ እንባቸውም እየወረደ ነበር። ኮነር ማንም ሳይነግረው ከአጎዛው ላይ ተነሣና ቦታውን ለቀቀ። መኳንንት ወዲያው አልተቀመጠም። «አያሌው የመጣ ቀን እኔም እንዲሁ እነሣለታለሁ» አለ ለእመት ብርቄ። ከዚያ ተቀመጠ።

መመለሻ

በማግስቱ ስንነሣ እመት ብርቄ ሁለቱን ጋኖቻቸውን አጥበው ፀሐይ ላይ ደፍተው ነበር። አንዱን ለመኳንንት ሚስት እሰጣለሁ አሉን። የመኳንንትን ካፖርት መለስኩ፤ እሱ ግን ለመንገድ ብሎ ጋቢውን ሊሰጠኝ ታገለኝ። እንደኔ ያለ ብርድ ፈሪ አይቶ የማያውቅ መሰለኝ።

ኮነር በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ እመት ብርቄ ከማኅበሩ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ቁራሽ አምጥተው አቀበሉት። ለመንገድ መስሎት ሊቀምስ ጨርቁን ሲፈታ እጁን ያዙት።

«ላንተ አይደለም። እየዞርክ የጠፋ ሰው የምትፈልግ ሰው ነህና ያዘው። አያሌውን ካገኘኸው ስጠው።»

«ባያገኛቸውስ?» አልኩ እኔ፣ ኮነርን ሳልጠብቅ።

«ለዚያ ዳቦ ጋጋሪ ይስጠው» አሉ እመት ብርቄ። «ያም የሰው ወንድም ልጅ ነው።»